አንድ የሆላንድ ፊልም፣ አምስት ጊዜ

ፊልሙን አራት ጊዜ እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። አምስተኛው ላይ፣ ባለፈው ዲሴምበር፣ ልጄ ሪሞቱን ከእጄ ወስዳ አቆመችው።

«አሌስ ኢዝ ሊፍደ» ይባላል። «ሁሉም ፍቅር ነው» እንደ ማለት ነው። የወጣው በ2007 ነው፣ እኔ ሆላንድ በገባሁ በዓመቱ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ እዚህ ስንኖር ሳናውቀው የለመድነው እሱን ሆኗል።) ዳይሬክተሩ ዮራም ሉርሰን ነው፤ የጻፈችው ኪም ፋን ኮተን። የሪቻርድ ከርቲስን «ላቭ አክችዋሊ» ያየ ሰው አሠራሩ ወዲያው ይገባዋል። አንድ ዋና ታሪክ የለም፤ ብዙ ጥንዶች አሉ፣ ብዙ ልብ ይሰበራል፣ ብዙ ልብ ይጠገናል፣ ሁሉም በአንድ በዓል ሰሞን። እንግሊዞቹ ገናን መረጡ። ሆላንዶቹ ግን ገናን ትተው የራሳቸውን በዓል፣ ሲንተርክላስን አመጡ። ፊልሙ ከቅጂነት የዳነው በዚህ ይመስለኛል።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። አምስተርዳም ለሲንተርክላስ አቀባበል ሽር ጉድ ትላለች። ለዓመታት ሲንተርክላስን ሆኖ የሚተውነው ሰውዬ በድንገት ይሞታል። ያን የሚባል፣ ዕድሜውን ሲንከራተት የኖረ ሰው፣ ጺሙን ለጥፎ ካባውን ደርቦ በቦታው ይተካል። በሌላ በኩል ኪኪ የምትባል ልጅ አለች፤ ደ ባይንኮርፍ የሚባለው ትልቅ መደብር ውስጥ ትሠራለች፣ ሕልሟ ልዑል ማግባት ነው፣ እውነተኛ ልዑልም ይገጥማታል። እሷን የምትተውነው ካሪስ ፋን ሃውተን ናት፤ በኋላ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ላይ ቀይ ለብሳ እሳት ስታመልክ ያያችኋት ሴትዮ። ባሏ የከዳት ክላሼ አለች፤ በዕድሜ በጣም ከሚያንሳት ልጅ ጋር ትጀምራለች። ሊጋቡ የተዘጋጁ ሁለት ወንዶች አሉ። ሌሎችም አሉ፤ ሁሉንም ብዘረዝር ፊልሙ ራሱ ይቀድመኛል።

ሕዝቡ ወደደው። አሥራ ስድስት ሚሊዮን ሰው ባለበት አገር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሲኒማ ገብቶ አየው። ቤልጎች «ዞት ፋን ኣ» ብለው በ2010 አንትወርፕ ላይ ደገሙት፤ ጀርመኖችም በ2014 የራሳቸውን ሠሩ። ጀርመኖቹ ግን ሲንተርክላስን ገና አደረጉት፤ ያኔ ነገሩ መደበኛ የገና ፊልም ሆነ። የእነዚህ ሰዎች ሳቅ ያለ ሲንተርክላስ እንደማይሠራ የገባኝ በዚያ ነው።

ሲንተርክላስ ማን ነው ለምትሉ፣ የኛው ኒቆላዎስ ነው። በኒቅያ ጉባኤ ከተሰበሰቡት ከ318ቱ ሊቃውንት አንዱ ነበር የሚባልለት፣ የሜራው ጳጳስ። ሆላንዶች ጋ ሲደርስ ታሪኩ ሌላ ይሆናል። በየዓመቱ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ከስፔን በእንፋሎት መርከብ ይመጣል፣ በነጭ ፈረስ ይዞራል፣ ልጆች ጫማቸው ውስጥ ለፈረሱ ካሮት አስቀምጠው ይተኛሉ። ዲሴምበር 5 ማታ ስጦታ ይከፈታል። ትልልቆቹ ደግሞ ዕጣ እየተጣጣሉ ለደረሳቸው ሰው ግጥም ይጽፋሉ፤ የሚያሞግስ ሳይሆን የሚተርብ ግጥም። እንጀራ እየጋገርኩ ቤቱን ሁሉ አሸተትኩ ተብዬ ተተርቤያለሁ። ሁሉም በስሙ መጀመሪያ ፊደል የተሠራ ቸኮሌት ይደርሰዋል። የነቢያት ጾም ስለሚሆን የኔ ቸኮሌት እስከ ታኅሣሥ 29 ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል፤ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ነገር እስከዛሬ ሊያምኑት አልቻሉም።

ከሲንተርክላስ ጋር ደግሞ ረዳቶቹ ይመጣሉ። ዝዋርተ ፒት፤ ጥቁሩ ፒት። ነጭ ሰዎች ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው፣ ከንፈራቸውን ቀይ አድርገው፣ ከርዳዳ ዊግ አጥልቀው፣ ጆሯቸው ላይ የወርቅ ቀለበት አንጠልጥለው፣ ባለ ላባ ቆብ ደፍተው። በ2007ቱ ፊልም ውስጥ እንዲህ ሆነው በየቦታው ይዘላሉ። ማንም ስለ እነሱ አንዲት ቃል አይናገርም። አንድ ሚሊዮኑም ተመልካች ያኔ ሲወጣ ስለ ልዑሉ እንጂ ስለ እነሱ ያወራ አይመስለኝም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በ2008 ኖቬምበር፣ የቋንቋ ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪያችን ዲቪዲ ይዛ መጣች፣ መጋረጃ ዘጋች፣ የደች ጽሑፉን ከታች አበራችልን። ከሞሮኮ፣ ከፖላንድ፣ ከሶማሊያ፣ ከኢራን የመጣን ሰዎች ነበርን። ከሦስት ቃል አንዱ ይገባኝ ነበር። ግን እንዴት እንደወደድኩት! እስከዚያ ቀን ድረስ ሆላንዳዊ ለኔ አጀንዳውን ገልጦ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ አሥር ሰዓት ይመችሻል?» የሚል ሰው ነበር። እዚያ ፊልም ውስጥ ግን ያለቅሳሉ፣ ይዋሻሉ፣ ደጅ ይጠናሉ፣ ይዋረዳሉ። ለካ እነሱም እንደኛ ናቸው አልኩ። ይህ ሐሳብ ዛሬ ያስቀኛል፤ ያኔ ግን በብርዱ ብስክሌቴን እየገፋሁ ወደ ቤት ስሄድ እንደ ትልቅ ግኝት ይዤው ነበር የሄድኩት።

ፊልሙ ሲያልቅ ሶማሊው ሰውዬ እጁን አወጣ። ስለ ፒቶቹ ጠየቀ። አስተማሪያችን ፈገግ ብላ፣ በጭስ ማውጫ ገብተው ስጦታ ስለሚያደርሱ ጥላሸት ነው አለች። ሰውዬው ትንሽ አሰበና፣

«ታዲያ ልብሳቸው ለምን አልቆሸሸም?» አለ።

እሷም ሳቀች፣ ሰዓቷን አየች፣ ክፍለ ጊዜው አልቋል አለች። እኔም ጥላሸት መሆኑን ተቀብዬ ወጣሁ። ስለ ቀይ ከንፈሩና ስለ ዊጉ አልጠየቅኩም። ከመጀመሪያውኑ ለመጠየቅ አልመጣሁማ፤ ለመግባት ነው የመጣሁት።

ሁለተኛው ጊዜ ብዙ ወሬ የለውም። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፣ እንቅልፍ አጥቼ ሌሊት ብቻዬን አየሁት፣ መጨረሻው ላይ አለቀስኩ፤ በዚያ ሰሞን የሳሙና ማስታወቂያ ሲያይም የሚያለቅስ ሰው ነበርኩ።

ሦስተኛው በ2012 ነው። የሀበሻ ጓደኞቼ እሁድ ቡና ሊጠጡ መጡ። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ ሆላንድን የማስተዋወቅ ሱስ ይዞኝ ነበር። ፊልሙን እንደ ድግስ አቀረብኩላቸው። ምን ልበላችሁ፣ ድግሱ አልተበላም።

አንዷ ኪኪንና ልዑሉን እያየች «ይሄ እኮ የኛው የተረት ንጉሥ ነው፤ በዚህ ብቻ ነው እንዴ ሲኒማ የገቡት?» አለች። እውነቷን ነው፤ የልዑሉ ታሪክ ስስ ነው፣ አሁንም እንደዚያ አምናለሁ። ሌላዋ ክላሼ ከልጁ ጋር ስትሆን «እናቱ የሉም? ጎረቤት የለም? አንድ ሰው ተይ አይላትም?» ብላ ከልቧ ተጨነቀች። ሁለቱ ወንዶች ለሰርግ ሲዘጋጁ ከመካከላችን አንደኛዋ ቡናው እንዳይገነፍል ብላ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች፤ ቡናው ግን ከወረደ ቆይቷል። ሆላንድ ይህን ጋብቻ በሕግ የፈቀደችው በ2001 ነው፤ በፊልሙ ጊዜ ስድስት ዓመት ሆኖት ማንም የማይደነግጥበት ነገር ነበር። እኔም ደንግጬ አልነበረም፤ ግን ወጥ ቤት የገባችውን ጓደኛዬን ተከትዬ ገብቼ ሲኒ ማጠብ ጀመርኩ። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ምናልባት ፊልሙን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ እንዳልታማ ነው።

ስለ ፒቶቹስ? ያ ጊዜ ነገሩ መጋል የጀመረበት ነው። ከዓመት በፊት፣ በ2011፣ ክዊንሲ ጋሪዮና ጄሪ አፍሪየ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ዶርድሬክት ከተማ በሲንተርክላስ አቀባበል ላይ «ጥቁር ፒት ዘረኝነት ነው» የሚል ካናቴራ ለብሰው ቆመው ፖሊስ መሬት ላይ ጥሎ አስሯቸው ነበር። ቪዲዮውን ሁላችንም አይተነዋል። እና ከመካከላችን አንዷ፣ ሲኒዋን እያስቀመጠች፣

«እሱ የሱሪናሞችና የአንቲሎች ጉዳይ ነው። እኛ ባሪያ ሆነን አናውቅም። ደግሞስ እኛ ጠይም ነን እንጂ ጥቁር መች ሆንን?» አለች።

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ስለ ሳቅ ነው የማወራችሁ መሰለኝ ዛሬ፣ ስለ ፊልምማ አይደለም።

ሱሪናምና አንቲልስ ውስጥ ባርነት የተሻረው በ1863 ነው። ፒት ሥዕሉ የመጣው ደግሞ ያን ስኬንክማን የሚባል መምህር በ1850 ካሳተመው የልጆች መጽሐፍ ነው ይላሉ፤ ሲንተርክላስ ከነአገልጋዩ፣ ባርነቱ ገና ሳይቀር። የኛ አዋጅ ግን ስንት ነው? 1942። አያቴ ቤት «ባሪያ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ብቻ ሳይሆን እንደ መልክ መግለጫም ይወረወር ነበር፤ ማን ጠይም፣ ማን ቀይ፣ ማን ደግሞ ስሙ የማይጠራ እንደሆነ ሕፃኑ ሁሉ ያውቅ ነበር። እንግዲህ «እኛን አይመለከተንም» ያልነው ይህን ሁሉ በሻንጣችን ይዘን ነው።

አሁን ወደ ቆቡ ልምጣ።

በ2014 ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤቷ ወላጆች የፒት ልብስ በመስፋት እንዲያግዙ ወረቀት ላከ። እኔ ደግሞ መስፋት እችላለሁ፤ እናቴ የስፌት መኪና ላይ ነው ያሳደገችኝ። ሰማያዊ ከፈይ ገዛሁ፣ ጠርዙን በወርቃማ ጥለት ዞርኩበት፣ ትልቅ ቀይ ላባ ተከልኩበት። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ሌሎቹ እናቶች ከሱቅ የገዙት የወረቀት ነገር ነበር፤ የኔ ግን የቤተ መንግሥት ቆብ ነው የሚመስለው። በኩራት ይዤው ሄድኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ «እኔም እዚህ ነኝ» ለማለት ስፈልግ የነበረውን ነገር በመርፌ የተናገርኩ መሰለኝ።

ልጆቹ ተሰልፈው ፊታቸውን ይቀባሉ። የልጄ ተራ ሲደርስ ቀለሙን የያዘችው ሴትዮ ብሩሿን ወደ ላይ አንስታ፣ በደግ ፊት፣ በእውነት በደግ ፊት፣

«አንቺማ አያስፈልግሽም፤ ዕድለኛ ነሽ!» አለቻት።

ዙሪያው ያለ ሰው ሳቀ። ልጄ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔም ሳቅሁ።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ ስለ ፒት ተጠይቀው ይህንኑ ቀልድ ቀልደው ነበር፤ አንቲልስ ያሉ ወዳጆቻቸው መቀባት ስለማያስፈልጋቸው ደስተኞች እንደሆኑ፣ እሳቸው ግን ፒት ሲሆኑ ቀለሙን ለማስለቀቅ ቀናት እንደሚፈጅባቸው። እንግዲህ ሴትዮዋ ቀልዱን ከራሷ አላመጣችውም፤ በአየሩ ላይ ነበር። በ2020 ሩተ ሐሳባቸው እንደተለወጠ ተናገሩ፤ ትንንሽ ልጆች በዚህ ነገር እንደሚገለሉ እንደሚሰማቸው ነግረዋቸው ነበርና። እኔም ንግግራቸውን በቴሌቪዥን ሳይ የኔዋ ልጅ ያኔ ምን ተሰምቷት ይሆን ብዬ አልጠየቅኩም። ረስታዋለች ብዬ ነበር። አምስት ዓመት ልጅ ምን ያስታውሳል ብዬ።

አራተኛው ጊዜ በ2016 ነው። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ አፌ ላይ «መቭራው» እላቸዋለሁ፣ በልቤ ግን እማማ ናቸው። ቦዩ ዳር ካሉት ቀጫጭን ቤቶች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ፊልሙ ውስጥ እነዚያ ቤቶች በመብራት ተውበው ሲታዩ ያምራሉ፤ ደረጃቸውን ግን ካሜራው አያሳያችሁም። እንደ መሰላል የቆመ ደረጃ ነው። እሳቸው ከሁለት ዓመት በላይ ወርደውት አያውቁም።

ዲሴምበር 5 ማታ ተረኛ ነበርኩ። «ዛሬ ሥራ የለም፣ ቁጭ በይ፣ ፊልም አብረን እናያለን» አሉኝ። ያንኑ ፊልም! በየዓመቱ በዚያች ማታ ያዩታል። የሞቱት ባለቤታቸው በሰፈሩ ሠላሳ ዓመት ሲንተርክላስ ሆነው ዞረዋል። ስለዚህ ተዋናዩ ሞቶ ያን ካባውን ሲደርብ እማማ እጄን ያዙና እስኪያልፍ አልለቀቁኝም። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልሙ የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የፍቅር ፊልም ይመስለኝ ነበር። ለነሱ ግን አንድ አገር ሙሉ ተስማምቶ ልጆቹን ስለሚዋሽበት ነገር ነው። ዜና አንባቢው ይዋሻል፣ ከንቲባው ወደብ ወርዶ ሰው ሠራሽ ጺም ያለውን ሰውዬ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል፣ አያት ይዋሻል፣ አስተማሪ ይዋሻል። ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው እውነቱን ይደርስበታል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ እሱም ከዋሾቹ ወገን ይሆናል። ፊልሙ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ሰዎች በፍቅር የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው፤ ጺሙ የተለጠፈ መሆኑን እያወቁ ያምናሉ። ይህን ማየት ለቻለች ጸሐፊ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

መብራቱን ሳበራ እማማ ዓይናቸውን ጠራርገው «ይህን ፊልም የምወደው ክፉ ሰው ስለሌለበት ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ በሹክሹክታ፣ «አሁን ፒትን ሊከለክሉን ነው አሉ። ልጅነቴን ሊወስዱብኝ ነው፤ ይገባሻል አይደል?»

«ይገባኛል መቭራው» አልኳቸው። የገባኝም እውነት ነው። ለሰባ ዓመት የደስታ ምልክት ሆኖ የኖረ ነገር አንድ ቀን ሌላውን የሚያሳምም ነበር ሲባል፣ ማን ነው ወዲያው ደረቱን ሰጥቶ የሚቀበል? ግን ቆቡንና ብሩሹን ልነግራቸው እችል ነበር። ይሰሙኝ ነበር፤ ደግ ሰው ናቸው። አልነገርኳቸውም። መድኃኒታቸውን ሰጠኋቸው፣ አልጋቸውን አነጠፍኩ፣ ወጣሁ። በ2018 ሞቱ። በዓመቱ፣ በ2019፣ አፐልዶርን ላይ በተደረገው ብሔራዊ አቀባበል ፒቶቹ ጉንጫቸው ላይ ጥላሸት ጣል ጣል አድርገው ብቻ መጡ፤ የሶማሊው ሰውዬ ጥያቄ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ መልስ አገኘ ማለት ነው።

ልጄ አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዲሴምበር ቅዳሜ ማታ ዝናብ ነበር፣ ጓደኞቿ ቀርተውባታል። «ነይ የኔን ፊልም ላሳይሽ» አልኳት። ብርድ ልብስ ደርበን ሶፋው ላይ ተቀመጥን፣ ፈንዲሻ አፈላሁ። መጀመሪያ ላይ ሳቀች። የሲንተርክላስን መዝሙር ሁሉ በቃሏ ታውቃለች፤ እኔ አሁንም ቃላቱን እየሳትኩ የምከተላቸውን እሷ ሳታስብ ታዜማለች። ከዚያ ፒቶቹ መጡ። ሳቋ ቆመ። ትንሽ ቆይታ ሪሞቱን ወሰደችና አቆመችው። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥቁር የተቀባ ፊት አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እማ፣ ይሄን ነው የምትወጂው?»

«የድሮ ፊልም ነው እኮ» አልኩ። «ያኔ ሰው አያውቅም ነበር።»

«አንቺስ?»

ዝም አልኩ።

«አንቺ ሳቅሽ» አለች፣ በአማርኛ። ከኔ ጋር ስትጣላ ወደ ደች ነው የምትሄደው፤ ይህንን ግን በአማርኛ አለችው። «ትምህርት ቤት። ሴትዮዋ አንቺ አያስፈልግሽም ስትለኝ። አየሁሽ፣ አንቺ ሳቅሽ። ስለዚህ ጥሩ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን በሳሙና ሳሽ ነበር፣ የሌሎቹ ልጆች ስለለቀቀ የኔም የሚለቅ መስሎኝ።»

ይህን ለአሥር ዓመት ይዛው ኖራለች። አንድ ቤት ውስጥ። እኔ ሽሮ እየሠራሁ፣ እሷ የቤት ሥራዋን እየሠራች።

ብዙ መልስ ነበረኝ። ቋንቋው ገና አልገባኝም ነበር ልላት እችላለሁ፤ ውሸት ነው፣ ገብቶኝ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሥራዬ፣ አንቺን የማሳድግበት ጭንቀት ልል እችላለሁ፤ እነሱ እውነት ናቸው፣ ግን የዚያች ቀን ምክንያት አይደሉም። የዚያች ቀን ምክንያቱ ቆቡ ነው። ያን ያህል ያማረ ቆብ ሰፍቼ፣ ያን ያህል ተመስግኜ፣ ድግሱን ማበላሸት አልፈለግኩም። እንደዚያው ነገርኳት።

«እኔ እንግዳ ነበርኩ» አልኳት። «እንግዳ የቀረበለትን ይበላል። ወጡ ጨው በዛበት አይልም።»

«እኔ ግን እንግዳ አይደለሁም» አለች። «እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት።»

እናም በዚያች ቅጽበት ለብዙ ዓመታት ያልገባኝ ነገር ገባኝ። ፊልሙን የወደድኩት በሩን ገርበብ አድርጎ ስላሳየኝ ነው፤ ውጭ ለቆመ ሰው የተገረበበ በር ትልቅ ነገር ነው። እሷ ግን ቤት ውስጥ ናት። ከውስጥ ሆና ስታየው፣ ያ ሁሉ ሰው በፍቅር ሲተቃቀፍ እሷን የመሰለ አንድ ሰው ፈልጋ ያገኘችው የተቀባ ፊት ነው። እማማ ክፉ ሰው የለበትም ያሉት ፊልም ነው እንግዲህ። ክፉ ሰው የለበትም፣ እውነት ነው። ልጄም አልካደችም።

«አልጠላሁትም» አለች ቆይታ። «ኪኪ ታስቃለች። ሽማግሌውም ያሳዝናል። ግን ፊልሙ እኔ የማየው አልመሰለውም። ማንም እንደኔ ያለ ሰው ሶፋ ላይ ሆኖ ያየዋል ብሎ አላሰበም።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። በአማርኛ ይቅርታ ለልጅ መጠየቅ አስቸጋሪ ነው፤ እናቴ ጠይቃኝ አታውቅም፣ እናቷም እሷን ጠይቃት የምታውቅ አይመስለኝም። «ይቅር በይኝ» ሲል አፌ እንደ ባዕድ ቃል ነው ያወጣው። እሷም ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች፤ እንደ ማንኛውም የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ይበቃል አታካብጂው ዓይነት።

ከዚያ «ቆቡ የት ሄደ?» አለችኝ።

አለ። ከአገር ቤት በመጣሁበት ሻንጣ ውስጥ፣ ከነጠላዬ ሥር። አውጥቼ አመጣሁት። ከፈዩ ትንሽ ደብዝዟል፣ ላባው አንገቱ ላይ ተሰብሯል። ተቀብላ ገለበጠችው፤ ውስጡን አየች፣ ገበሩን በጣቷ ዳሰሰች። እንድትጥለው እየጠበቅኩ ነበር። ብትጥለው ቅር አይለኝም ነበር።

«በእጅሽ ነው የሰፋሽው?»

«ጠርዙን በእጄ።»

«ስፌቱ ያምራል» አለች። ላባውን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ቆቡን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች ሪሞቱን አንስታ ፊልሙን አስቀጠለችው። ገና ብዙ ይቀረው ነበር።